ማይካ ኮላ አይወድም

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በእጅ የተሠሩ ካርዶችና ትንንሽ የፎቶ አልበሞች እየሠራሁ እሸጣለሁ። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይጠግናል። ከአሮጌ ካውያና ከተበላሸ ማይክሮዌቭ ያወጣውን ማይካ፣ ያንን ገጽ በገጽ የሚላጥ የሚያብለጨልጭ ማዕድን፣ ሰጠኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዓባይ በረሃ ወርዳ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ በቢላ ጫፍ የሚሰነጠቅ ድንጋይ አመጣችልኝ። ይኼም ማይካ ነው አለችኝ። አደይ አበባ በማይካ ሸፍኜ የእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ ልለጥፍ ብዬ ነበር። ኮላው አልይዝ አለ። በሱፐር ግሉ ስሞክረው ነጭ ጉም ጣለበት። ጫፉም እየተፈረፈረ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ? ለጤናስ እንዴት ነው?»

እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ እኔም ቆሜ ነበር።

ሥራዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሰርግ አልበም ታዘዝኩ። ሽፋኑ ላይ መስኮት ቆረጥኩ። መስኮቱ ላይ የጠጅ ቀለም ያለው ማይካ ለጠፍኩ። ከሥሩ የሙሽሮቹ ፎቶ አለ። የለጠፍኩት በማስቲሽ ነበር፣ ጫማ ሰፊዎቹ በሚጠቀሙበት። ሲያዩት ያምራል። በስድስተኛው ወር ሴትዮዋ አልበሙን በፌስታል ይዛ መጣች። ማይካው ወድቋል። «ኮላህ ውኃ ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን እላለሁ? ገንዘቧን መለስኩላት።

ማታ የወደቀውን ማይካ መብራት ሥር ይዤ ሳየው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ማስቲሹ ካርቶኑ ላይ እንዳለ አለ። ማስቲሹ ላይ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተለጥፏል። በጣቴ ዳሰስኩት። ማይካ ነው። ኮላው ሥራውን ሠርቷል። ማይካው ነው ከራሱ የተላቀቀው።

የአንቺም ካርድ ችግር ግማሹ ይኼ ነው። ኮላ ስትቀይሪ ብትውዪ መፍትሔ አታገኚም። ማይካ ይያዛል እንጂ አይጣበቅም። እንዴት እንደሚያዝ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንይ።

ማይካ እንደ መጽሐፍ ነው። ይኼን ያልኩት ጠራዥ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ማዕድን ቆፋሪዎችም ከመሬት የሚወጣውን የማይካ ጥፍጥፍ «መጽሐፍ» ነው የሚሉት። እያንዳንዱ ገጽ ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። ገጹ በራሱ ጠንካራ ነው። በገጽና በገጽ መካከል ያለው ግን የፖታሲየም ረድፍ ብቻ ነው፣ እሱም የላላ አያያዝ ነው ያለው። ስለዚህ ማይካ በገጾቹ መካከል ያለ ችግር ይሰነጠቃል። በአግድም ለመስበር ግን ያስቸግራል። የአንዷ ገጽ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ብታሳሺው ገና ብዙ ሺህ ገጽ ይቀርሻል። ኮላሽ የሚይዘው የላይኛዋን ገጽ ብቻ ነው። ከሥር ያሉት ሺዎቹ ከእሷ ጋር በላላ ገመድ ነው የታሰሩት። ካርዱ ሲታጠፍ፣ ፀሐይ ሲመታው፣ ቦርሳ ውስጥ ሲገላበጥ ገመዱ ይበጠሳል።

አሁን በእጅሽ ወዳለው እንሂድ። ሦስት ነገር ነው ያለሽ፣ ሦስቱም አንድ አይደሉም።

ከካውያው የወጣው እውነተኛው ማይካ ሊሆን ይችላል። በድሮ ካውያ ውስጥ የሚግለው ሽቦ የሚጠቀለለው በማይካ ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ማይካ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሙቀትም አይበግረውም። ነጩ ማይካ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይችላል። የጠጅ ቀለም ያለው ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ካውያሽ ቢበዛ 200 ዲግሪ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው፣ ስለዚህ በካውያ ማይካን አታቃጥዪም። ይኼ በኋላ ይጠቅመናል።

ከማይክሮዌቩ የወጣው ሌላ ነው። እሱ የተፈጨ ማይካ ነው። ደቃቁ ቅርፊት እንደ ወረቀት ይነጠፍና በሙጫ ይጨመቃል። ስለዚህ አያሳይም። ቀለሙ አመድማ ወይም ቡናማ ነው። ለመስኮት አይሆንሽም። ግን አትናቂው። በመቀስ ጥርት ብሎ ይቆረጣል። ገጾቹ ትንንሽና የተደበላለቁ ስለሆኑ እንደ ተፈጥሮው ማይካ በአንድ ጊዜ አይላጥም፣ ኮላም የተሻለ ይቀበላል። ለካርድ ጀርባ፣ ለአልበም ማዕዘን መከታ፣ ቅርጽ ቆርጦ ለማንጠፍ ተመራጭ ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቅርጽ እየቆረጥኩበት ከደንገል ወረቀት ጋር አጣምሬው አውቃለሁ። ያማረ ነው።

ለወንድምሽ አንድ መልእክት አድርሺልኝ። ጠጋኝ ስለሆነ ያውቀዋል፣ ግን አንቺም እወቂው። የማይክሮዌቭ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይገድላል። ማይካ ፍለጋ ብለሽ በካቻቢቴ ልትፈቺው አትነሺ። ከሚሠራ ማይክሮዌቭም ማይካውን አትውሰዱ፣ እሱ ከሌለ ውስጡ ብልጭታ ሊጀምር ይችላል። ከድሮ ካውያና ከድሮ ምድጃ ደግሞ ነጭ፣ ጥጥ የሚመስል ገመድ ወይም ንጣፍ ብታዪ አትንኪው። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። የሱ ብናኝ ከማይካ ብናኝ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ካንሰር ያመጣል።

ሦስተኛው፣ የአክስትሽ ልጅ ድንጋይ። ይኼን ሳላየው ለመናገር እደፍራለሁ። ማይካ አይመስለኝም። የጀሶ እናት ነው፣ ጂፕሰም የሚባለው።

ምክንያቴን ልንገርሽ። የጎጃም ደጋ መሬት በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ወደ ዓባይ ስትወርጂ ግን ምድሩ ገጽ በገጽ ይገለጣል። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በሚወስደው መንገድ በመኪና መስኮት አይተሽው ይሆናል። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከሱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከዚያም የአሸዋ ድንጋይ። ጂፕሰም አንዳንዴ ጥርት ብሎ፣ እንደ መስታወት ሆኖ ይገኛል። እሱም ገጽ በገጽ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ሰው ከማይካ ጋር የሚያምታታው። ሰፊ ገጽ ያለው ማይካ የሚገኘው ግን ሌላ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው፣ ለምሳሌ ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ እንዳለው። በዓባይ ታችኛው ክፍል፣ ወደ መተከል በኩል፣ የጥንቱ ድንጋይ በሚወጣበት አካባቢ የማይካ ብልጭልጭታ ታያለሽ። እሱ ግን ደቃቅ ነው።

መለየት ቀላል ነው። ቀጭን ገጽ ላጪና በጣቶችሽ መካከል በቀስታ አጉብጪው፣ ከዚያ ልቀቂው። ማይካ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ጂፕሰም እንደጎበጠ ይቀራል፣ ወይም ይሰበራል። ጂፕሰምን ጥፍርሽ በቀላሉ ይጭረዋል። በሻማ ላይ የጋለ መርፌ ብታስጠጊበት ጂፕሰም እንደ ወተት ይነጣል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ስለሚወጣ ነው። ማይካ ምንም አይሆንም። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ሽታውም ይነግርሻል። ፕላስቲክ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ገበያ ላይ ማይካ ብለው የሸጡልኝ ፕላስቲክ ነበር። ገጽ በገጽ አልሰነጠቅ ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ጂፕሰሙን በካርድ ላይ አትጠቀሚበት። ይሰበራል። በውኃም ትንሽ ትንሽ ይሟሟል፣ በአንድ ሊትር ሁለት ግራም ገደማ። በካውያ ከነካሽው ይነጣል። የሚያሳየው ድንጋይ ሲጋገርና ሲፈጭ የምናውቀው ጀሶ ነው የሚሆነው። ከጀሶ ምን ይሠራል ካልሽኝ፣ ሥዕል የሚቀበል ንጣፍ ይሠራል። የድሮ ሰዓሊዎቻችን በእንጨት ላይ ቅዱሳንን ከመሣላቸው በፊት እንጨቱን በጀሶ ይቀቡ ነበር። ያ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

በይ አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ማይካውን እጠቢ። ከካውያ የወጣ ዝገትና ጥቀርሻ አለበት። ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። አትፈትጊው። ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አንድ ቀን ተዪው፣ ውኃው ከጫፉ በገጾቹ መካከል ስለሚገባ። ክረምት ላይ ሁለት ቀን አድርጊው። መጨረሻ ላይ በአልኮል የራሰ ጥጥ አንዴ አሳልፊበት፣ የጣት ቅባት ይወስድልሻል።

አሰነጣጠቁ ደግሞ እጅ የሚፈልግ ነገር ነው። ለመቆረጥ ወፍራም ከሆነ መቀሱ ያፈራርሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ማሳሳት ነው። የማይካውን አንድ ማዕዘን በጥፍርሽ ወደ ላይ ወደ ታች ፍተጊው፣ እንደ አዲስ ብር ኖት ሁለት ሲጣበቅብሽ እንደምታደርጊው። ማዕዘኑ ትንሽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የመርፌ ጫፍ አስገቢ። ምላጭም ይሆናል፣ ግን ምላጭ ገጽ ይዘላል፣ ጀማሪ ከሆንሽ መርፌ ይሻላል። መርፌውን ወደ ውስጥ አትግፊው። በጠርዙ ዙሪያ ነው የሚሄደው። ስትሄጂ በውስጡ ቀስተ ደመና ታያለሽ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። እሱ በገጾቹ መካከል የገባው አየር ነው። ቀስተ ደመናው የት እንደደረሰ ስታዪ ስንጥቁ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። እንቢ ካለሽ ጠብታ ውኃ ስንጥቁ አፍ ላይ ጣል አድርጊ። ራሱ ይስበዋል፣ ገጹም ይላላል። ከዚያ በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። ጠስ ጠስ የሚል ድምፅ ያሰማል። እኔ ይኼን ድምፅ እወደዋለሁ፣ ልጆቼ ግን ጥርሳችንን አሳከከን ይላሉ።

የላጥሻቸውን ሁለት ገጾች አትለያዪ። ከአንድ አካል ስለወጡ ጉድለትና ጉብታቸው ይገጣጠማል። አንዱን ገልብጠሽ ወይም አዙረሽ ብትመልሺው በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። አንድ ማዕዘን ላይ በማርከር ነጥብ አድርጊ። ነጥቡ በኋላ በወረቀቱ ሥር ይደበቃል።

ለመቁረጥ፣ መስመሩ ላይ ከፊትም ከኋላም ግልጽ ፕላስተር ለጥፊ፣ ከዚያ በፕላስተሩ ላይ በመቀስ ቁረጪ። ጫፉ አይፈረፈርም። ፕላስተሩን ግን አትላጪው! ብትላጪው የማይካውን ገጽ ይዞ ይነሳል፣ የሰርግ አልበሜ ታሪክ ይደገማል። እዚያው ይቅር። በመስኮቱ ጠርዝ ሥር ስለሚሆን አይታይም። ፕላስተሩ ስፋቱ ከአምስት ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

አሁን ዋናው ነገር። ማይካውን እንዴት እንይዘዋለን?

ከአባቶቻችን የተማርኩት ሁለት መንገድ አለ። መርጡለ ማርያም ወይም ደብረ ወርቅ ወይም የጣና ገዳማት ሄደሽ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ አይተሽ ከሆነ፣ ሥዕል ባለበት ገጽ ላይ አንዳንዴ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ታያለሽ። ሥዕሉን የሚጋርድ መጋረጃ ነው። ከላይ በኩል በክር ተሰፍቷል። ሙጫ የለውም። በአንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ የእንጨቱ ገበታ ከውስጥ በኩል ተቦርቡሮ ትንሽ መስታወት ተቀምጦበት ይገኛል። ለመስታወቱ ቤት ተቆፍሮለታል ማለት ነው። መስፋትና ቤት መቆፈር። እኔ ለማይካ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከቤቱ እንጀምር። የካርድሽ መጠን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሦስት ተመሳሳይ ወረቀት ቁረጪ። የላይኛው ላይ 5 በ7 የሆነ መስኮት ክፈቺ። የመካከለኛው ላይ በዚያው ቦታ 6 በ8 የሆነ ቀዳዳ ክፈቺ። የታችኛው ሙሉ ይሁን። ማይካው 6 በ8 ሊሆን ትንሽ የጎደለው ይሁን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። እሱ በመካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ ይተኛል። የላይኛው መስኮት ስለሚጠበው በአራቱም በኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይይዘዋል። ኮላ የሚነካው ወረቀትና ወረቀትን ብቻ ነው። ማይካው ቤቱ ውስጥ ልቅ ነው። ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ፣ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሲያብጥ፣ ማይካው አይጎተትም። የመካከለኛው ወረቀት ውፍረት ከማይካውና ከአበባው ውፍረት ጋር መመጣጠን አለበት። ቀጭን ከሆነ ካርዱ ሆድ ያወጣል፣ ወፍራም ከሆነ ማይካው ውስጡ ይንቀጫቀጫል። ልኩን የምታገኚው በመሞከር ነው። እኔ የብስኩት ካርቶን እጠቀማለሁ።

መስፋቱ ለአልበም ይሻላል። ማይካው እንደ መጋረጃ ከላይ ብቻ ተሰፍቶ ከፎቶው በላይ ይንጠለጠላል፣ ሰው ገልጦ ያያል። ጫፉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የወረቀት ጥብጣብ እጠፊበት፣ ማይካውን በመካከሏ እንድትነክስ። ከሥር ካርቶን አድርገሽ በወስፌ ቀዳዳውን አስቀድመሽ ብሺ። ወስፌው ቀጭን ይሁን፣ ለስፌት የሚሆነው ትንሹ። ቀዳዳዎቹን አታቀራርቢ፣ ቢያንስ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ከተቀራረቡ እንደ ቴምብር ጠርዝ ሆኖ በዚያው መስመር ይቀደዳል። የልብስ ስፌት መኪናም ይሠራዋል፣ ትልቁን ስፌት አድርጊለት። እኔ ግን በእጅ ነው የምመርጠው። ክሩን በሰም አሺው፣ እንዳይላላ።

ስለ ኮላ ጠይቀሻል፣ ልመልስልሽ። ነጩ ኮላ የሚደርቀው ውኃው ወጥቶ ነው። ወረቀት ውኃ ይጠጣል፣ ማይካ አይጠጣም። በሁለት ማይካ መካከል ብትቀቢው ጠርዙ ይደርቅና መካከሉ ለሳምንታት እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይቆያል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንፋሎት ያወጣል፣ ያ ነው ነጭ ጉም የጣለብሽ። አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ይወስደዋል፣ ግን ወረቀቱን እንዳታበላሺ። ትንሽ ጌጥ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ማይካ ለመለጠፍ ከሆነ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ይበቃል። ቀላል ስለሆነ አይጎትተውም። ከዚያ በላይ የሆነውን ስፊው ወይም ቤት ሥሪለት።

አበባው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አደይ የሚፈነዳው ለመስከረም ነው። ካርዱ የሚሸጠው ደግሞ ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ በነሐሴና በጳጉሜ። ስለዚህ ለዘንድሮ ካርድ የሚሆነው አበባ የአምናው ነው። የአምና ከሌለሽ በችኮላ የመጀመሪያዋን አደይ ለቅመሽ ገና ሳትደርቅ በማይካ አትዝጊባት። አድርጌው አይቻለሁ። ማይካ እርጥበት አያሳልፍም። ውስጡ የቀረችው ትንሽ ውኃ መውጫ ስታጣ አበባውን ታጠቁራለች፣ ሻጋታም ታበቅላለች። 30 ካርድ ነው የጣልኩት።

ዘንድሮ ስትለቅሚ ጠዋት ጤዛው ከጠፋ በኋላ ይሁን። አበባዋን ፊቷን ወደ ታች አድርገሽ በጋዜጣ መካከል አስተኚ። መካከሏ ያለው ድፍን ክፍል ወፍራም ነው፣ ውኃ የሚይዘውም እሱ ነው። ከጀርባዋ በኩል አረንጓዴውን በምላጭ ቀንሺለት። ላይዋ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኚ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየሁለት ቀኑ ጋዜጣውን ቀይሪ። ሦስት ሳምንት ስጪያት። ደረቀች የምትባለው ስታነሻት ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ ጉንጭሽ ላይ ስታደርጊያት ቅዝቃዜ ሳይሰማሽ ነው። ቢጫዋ ፀሐይ አይወድም፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጫት።

ለዘንድሮው ምን ላድርግ ካልሽኝ የጤፍ ዛላ ሞክሪ። ጎጃም ላይ ጤፍ የሚያጣ የለም። የኅዳር የታኅሣሥ ዛላ ከክምሩ ተመዝዞ የቀረ ካለ አንዷን ውሰጂ። ደረቅ ናት፣ ስስ ናት፣ የወርቅ ቀለም አላት፣ እንደ ፀጉር ትዘረጋለች። ፍሬዋን ግን አራግፊ። አለበለዚያ ከማይካው ሥር እየተንከባለለ ካርዱ ጽናጽል ይሆንብሻል። በጠጅ ቀለሙ ማይካ ሥር ሳያት ከአደይ ይልቅ እሷን ነው የምመርጠው። የደረቀ የኮባ ቅጠልም በጀርባዋ ይስማማታል፣ ቡናማው ላይ ወርቁ ጎልቶ ይታያል።

ቀለምና ጽሕፈት የምትፈልጊ ከሆነ፣ ውኃ ያለበት ቀለም ማይካ ላይ እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። የማይለቅ ማርከር ወይም የዘይት ቀለም ነው የሚይዘው። እሱም በጣት ሲፋቅ ሲፋቅ ይለቃል። ስለዚህ በውስጠኛው ገጽ ላይ ጻፊና በሌላው ገጽ ሸፍኚው። ከሥር «እንኳን አደረሰህ» የተጻፈበት ወረቀት አድርገሽ በላዩ መከተል ትችያለሽ፣ ጥርት ብሎ ያሳይሻል። በህንድ አገር በ19ኛው መቶ ዘመን በማይካ ላይ ሥዕል እየሣሉ ለእንግሊዞች ይሸጡ ነበር። ጃፓኖች ደግሞ የተፈጨ ማይካ በእንጨት ኅትመት ሥዕሎቻቸው ላይ፣ ከምስሉ ኋላ ባለው ባዶ ቦታ፣ ይቀቡ ነበር፣ እንደ ብር እንዲያብለጨልጭ። አዲስ ነገር ፈጠርኩ ብለሽ እንዳትኮሪ ነው የምነግርሽ።

ሰምም አለ። ጎጃም ላይ ሰም ሲባል ወርቁን ፍለጋ የማይሄድ የለም። እኔ የምልሽ ግን የጧፉን ሰም ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። ወረቀቱ ላይ ስስ አድርገሽ ፋቂበት፣ ማይካውን አስቀምጪ፣ በላዩ ተራ ወረቀት አልብሰሽ ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት አሳልፊ። ማይካው ሙቀቱን ይችለዋል ብዬሽ የለ? ሰሙ ይቀልጥና ወረቀቱ የቆየ የብራና መልክ ያወጣል። ሽታውም ደስ ይላል። ግን ሰሙ ለመልክ ነው፣ ለመያዝ አትመኪበት። ብርድ ላይ ይሰነጠቃል። ቤቱን ወይም ስፌቱን አትተዪ።

ስለ ጤናሽ። የማይካ ገጽ መንካት አይጎዳም፣ መርዝ የለውም። የሚጎዳው ብናኙ ነው። በማይካ መፍጫ ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ሳንባቸው ላይ ጠባሳ ተገኝቷል። አንቺ የምትሠሪው ያንን አይደለም። ቢሆንም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊው፣ በመጋዝ አትቁረጪው። ስትላጪና ስትቆርጪ ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ሲያልቅ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ፍርፋሪውን ለሕፃን አትስጪ። ምግብ አካባቢም አትሥሪ። ከጠረጴዛሽ እንጀራ ላይ ሲበር አይታይም። ስስ ገጽ እንደ ምላጭ እንደሚቆርጥም አትርሺ።

ወደፊት መግዛት ከፈለግሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ከህንድ ጃርካንድና ከማዳጋስካር የሚመጣው ማይካ ውስጥ ልጆች በእጃቸው የለቀሙት ብዙ ነው። ወንድምሽ ከሚጠግነው ካውያ የሚወጣው ከዚያ ይሻላል። በነፃም ነው።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካርዶች ሥሪና አትሽጪያቸው። አንዱን መስኮት ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታ፣ አንዱን እርጥበት ባለበት ክፍል፣ አንዱን ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪ። በወሩ አውጥተሽ እያቸው። የቦርሳው ካርድ ማይካው ከተንቀጫቀጨ መካከለኛው ወረቀት ወፍሯል ማለት ነው፣ ቀጭን ቀይሪበት።